በእኔና በሰዓድያ ላይ የተዘጋው በር

ያን ጊዜ ድካም የተጫነኝ ሴት ነበርኩ። ለዚህ ታሪክ ሌላ መግቢያ ፈልጌ አጣሁ። ጠዋት ጠዋት አሽዶድ ከተማ ዳር፣ አድ ሃሎም በሚባል ሰፈር ባለው የጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሰው ሕንፃ ደረጃ እወለውላለሁ፤ ሲመሽ ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስገባ ሁለት ልጆችና አልጋ የያዘች እናቴ ይጠብቁኛል። ከልጆቹ አባት ጋር ከተለያየን ቆይተናል። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አንቀላፍቼ ፌርማታዬን ያለፍኩበት ቀን ብዙ ነው። ሰው "እንዴት ነሽ?" ሲለኝ "ደህና" እላለሁ፤ ሌላውን ማስረዳት አቅም ይጠይቃል።

ስሜ ውባለም ነው። በሱዳን በኩል በልጅነቴ መጥቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ስገባ ግን "ያፋ" ብለው መዘገቡኝ፤ በዕብራይስጥ 'ውብ' ማለት ስለሆነ ትርጉሙ ያው ነው ተባለ። በፋብሪካውም ያፋ ነበርኩ። አባቴ የወገራ ሰው ነበር፤ እናቴ ግን ከትግሬ አይሁድ ወገን ናት። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ቁጣው በአማርኛ፣ ማባበሉ በትግርኛ ነበር።

አድ ሃሎም ማለት "እስከዚህ" ማለት ነው። ድሮ አገሪቱ ስትመሠረት በነበረው ጦርነት የግብፅ ጦር እዚያ ድልድይ ደርሶ ስለቆመ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ከባቡር ጣቢያው ወርዶ በጭነት መኪና መሃል እየተሹለከለኩ የሚኬድበት፣ መጋዘንና አቧራ ብቻ ያለበት ሰፈር ነበር። ታሪክ አለው ብሎ የነገረኝ የለም፤ ቢነግሩኝም የማዳምጥበት ጆሮ አልነበረኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ በብርድ ወራት፣ ከጋዛ የሚተኮሰው ሮኬት አሽዶድ መድረስ በጀመረ ሰሞን ነው። ፋብሪካው እየተዘጋ ነበር። ሥራው ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ሄዷል ተባለና አብዛኛው ሠራተኛ ተሰናበተ። የቀረነው ጥቂቶች ማሽኖቹን እያጠብንና እየፈታን ለገዢ የምናዘጋጅ ነን።

ከቀሩት አንዱ ሰዓድያ ነበር። የማቅለሚያ ክፍሉ ሽማግሌ ነው። ቀጭን፣ ጠይም፣ የሱፍ ቆብ ከራሱ የማይለይ፣ የጣቶቹ ጫፍ ከቀለሙ ብዛት ሰማያዊ ሆነው የቀሩ ሰው። ሁሉም "ሰዓድያ ቴማኒ" ይለዋል፤ የመናዊው ሰዓድያ ማለት ነው። ሲበዛ ዝምተኛ ነው። በምሳ ሰዓት ሁልጊዜ ከእኔ ጀርባ ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣል። ለስንት ዓመት ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ለሰንበት መዳረሻ ሁሉም በጊዜ ሄደ፤ አለቃችንም "ያችን የመጨረሻዋን ገንዳ ጨርሱና ሂዱ" ብሎን ወጣ። አሮጌው ሕንፃ ውስጥ የቀረነው እኔና ሰዓድያ ነን። እኔ ገንዳው ውስጥ ገብቼ እፈትጋለሁ፣ እሱ ከላይ በጎማ ውሃ ይለቅልኛል። እንደዚያ እያለን የአደጋው ሲረን ጮኸ።

"ውጪ! ቶሎ ውጪ!" አለኝ በዕብራይስጥ። ክንዴን ይዞ አወጣኝና ከሕንፃው ሥር ወዳለው ሚክላት፣ መሸሸጊያው ማለት ነው፣ በደረጃው ወረድን። የሕንፃውን ያህል ያረጀ ክፍል ነው፤ ማንም ስለማይገባበት የክር ጥቅልልና የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ አድርገውታል። ከባዱን የብረት በር ሳበና እጀታውን ወደ ታች ጠመዘዘው። ወዲያው መሬቱ ተናወጠ። ፍንዳታ እንደዚያ ቅርብ ሆኖ ሰምቼ አላውቅም። ከጣሪያው አቧራ ፈሰሰብን፤ አምፖሉ ጠፋ። እኔ ጮህኩ።

በጨለማው ውስጥ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ኣጆኺ! ኣጆኺ ጓለይ፣ ኣይትፍርሒ።"

አይዞሽ ልጄ፣ አትፍሪ። እናቴ ሱዳን በረሃ ላይ እየደጋገመች ያለችኝ ቃል ነው። ሮኬቱን ረሳሁት።

"ምን አልክ?" አልኩት። በየትኛው ቋንቋ እንደጠየቅሁት ራሴም አላወቅሁም፤ ኋላ ሳስበው በአማርኛ ነበር።

እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሣ። በዕብራይስጥ "ምንም አላልኩም" አለ። ከዚያ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ሲቀመጥ ሰማሁት።

"ሰምተሽኛል" አለ በአማርኛ። "ከሰማሽኝ ወዲያ ምን አወራለሁ።"

አማርኛው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ እንደኖረ ቧንቧ ነበር፤ እየቆራረጠ፣ እየደፈረሰ ነው የመጣው። ግን አማርኛ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ትግርኛ የሚሰማበት አማርኛ። ከዚህ በኋላ "እሳቸው" እያልኩ ነው የማወራላችሁ። ዕብራይስጥ አንቱ የለውም፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የአባቴ እኩያ የሆኑትን ሰው አንተ ስላቸው ኖሬያለሁ።

ፀጥ ሲል ለመውጣት ተነሣን። በሞባይሌ ብርሃን እጀታውን ይዘው ወደ ላይ ገፉት። አልነቃነቅ አለ። አብረን ገፋን። የዛገው ብረት ቋ ብሎ ተሰብሮ እጃቸው ላይ ቀረ። በሩ እንደተዘጋ ነው።

ጮህን። በሩን ደበደብን። ማን ይስማን? ፋብሪካው ባዶ ነው፤ ጎረቤት መጋዘኖችም ለሰንበት ተዘግተዋል። ሞባይሌን ወደ ጣሪያው፣ ወደ ጥጉ እያዞርኩ ሞከርኩ።

"ክሊጣ የለም" አልኳቸው።

ክሊጣ በዕብራይስጥ የሞባይል ኔትወርክም ነው፣ አዲስ ገቢን ተቀብሎ ማላመድም ነው። ሽማግሌው በጨለማው ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ። "ለኛ መቼ ነበረና" አሉ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ደረታቸውን ያዙ።

"ምን ሆኑ?"

"ልቤ ነው። ከምላሴ ሥር የማደርጋት ክኒን አለችኝ። ኮቴ ኪስ ውስጥ ናት።"

ኮታቸው የቀረው ግን ከላይ፣ ገንዳው አጠገብ ተሰቅሎ ነው። ስልኬን አብርቼ ፊታቸውን ሳየው አመድ መስሎ ላብ ወጥቶታል። እሑድ እስኪነጋ የሚመጣ ሰው የለም። ቤት ውስጥ እናቴ አለች፤ ልጆቼ ቢደናገጡ እንኳ የት ብለው ይፈልጉኛል? ተቀመጥኩና ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

"አውሩኝ፤ እንዳይተኙብኝ" አልኳቸው። "ከየት ነው የመጡት?"

"ከሽሬ በታች። ስሜ ተስፋይ ነው።" ስሙን ሲሉት የተበደረውን ዕቃ ለባለቤቱ እንደሚመልስ ሰው ነበሩ። "በልጅነቴ እንጀራ ፍለጋ አስመራ ወጣሁ። እዚያ ከየመን ወደብ ከኤደን የመጣ አንድ አይሁዳዊ ነጋዴ አስጠጋኝ። አይሁድ መሆኔን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ኋላ ሰንበትን ስጠብቅ አይቶ አመነኝ። ወደዚህ ሲመጣ በቤተሰቡ ስም አሳፍሮ በመርከብ አመጣኝ። ወደቡ ላይ 'ይኼ ማነው?' ሲሉት 'የወንድሜ ልጅ ነው' አለ። 'የመናዊ?' 'አዎ።' በቃ። በዚያች ቃል ተስፋይ ባሕር ውስጥ ቀረ።"

"እና ወደ አሽዶድ?"

"ያኔ ምን አሽዶድ አለ! አሸዋ ነው። ወደቡ ገና እየተገነባ ነበር። በጭነት መኪና ጠዋት ያራግፉናል፣ ማታ ይሰበስቡናል። አድ ሃሎም ላይ ከሐዲዱና ከድልድዩ በቀር የሚታይ የለም። ንፋስ ሲነሣ ትናንት የቆፈርነው መሠረት ተሞልቶ ይጠብቀናል። ይኼን ሕንፃ እኔ ነኝ ሲሚንቶ የተሸከምኩለት፤ ከማራካሾቹ ጋር።" ማራካሾች የሚሏቸው ከሞሮኮ የመጡትን ነው። "ሲያልቅ እዚሁ ቀጠሩን። ሴቶቹ ልጆቻቸውን በካርቶን ውስጥ አስተኝተው ነው ማሽን ላይ የሚቆሙት። ቀለሙ ከኋላ ወደ ቦዩ ይፈስ ነበር። ሰማያዊ በምንነክርበት ቀን ቦዩ ሰማያዊ ነው፣ ቀይ በምንነክርበት ቀን ቀይ። የሰፈሩ ልጆች ቦዩን አይተው ነበር አባቶቻቸው ምን ሲሠሩ እንደዋሉ የሚያውቁት። ኋላ ሩሲያዎቹ መጡ። መሐንዲስ የነበረው ሰውዬ ከእኔ ጎን ቆሞ ጨርቅ ሲያጥፍ አየሁ። ከዚያ እናንተ መጣችሁ።"

"እኛ ስንመጣስ?"

ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ ከበደኝ። የሞቱ መስሎኝ ነቀነቅኋቸው።

"አለሁ" አሉ። "በቴሌቪዥን አየኋችሁ። ከአውሮፕላን ስትወርዱ። አንዲት አሮጊት መሬቱን ስትስም እናቴን መሰለችኝ። በማግስቱ እናንተን ያሳረፉበት ሆቴል ድረስ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ሰዎቹ በረንዳ ላይ ሆነው ያወራሉ፤ ንግግራቸው ሁሉ ይገባኛል። ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።"

"ለምን?"

"ሚስቴ የየመን ልጅ ናት። አባቷ ዘሬን ቆጥሮ ነው የሰጠኝ፤ ያ ነጋዴ በቆጠረለት ዘር። ያን ጊዜ ደግሞ ረቢዎቹ እናንተን 'በእርግጥ አይሁድ ናችሁ ወይ? ውሃ ውስጥ ገብታችሁ እንደ አዲስ አይሁድነትን ተቀበሉ' እያሉ ያንገላቱ ነበር። እኔን ቢያውቁኝ ጋብቻዬንስ ምን ሊሉት ነው? ልጆቼንስ? ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሚስቴም ሞተች፤ እኔም አረጀሁ።"

መናደድ ነበረብኝ፤ እውነት ለመናገር ግን ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም። ያለኝ ድካም ብቻ ነው። "ያን ሁሉ ዓመት" አልኳቸው፣ "ብቻዬን ምሳ ስበላ ከጀርባዬ ነበሩ። አንድ ቀን እንኳ 'ልጄ' ቢሉኝ ምን ነበረበት?"

"በምሳ ሰዓት ለእናትሽ ትደውያለሽ" አሉኝ። "'እማ በላሽ? መድኃኒትሽን ዋጥሽ?' ትያታለሽ። አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በትግርኛ። ያችን ጠረጴዛ የማልለቀው ለዚያ ነው። እሱን ለመስማት። በቀን አንድ ጊዜ አገሬን የማገኛት እዚያ ነበር።"

እኔ ያን ስልክ የምደውለው እየተሰላቸሁ ነበር። እናቴን ቶሎ ቶሎ ጠይቄ ለመዝጋት እቸኩል ነበር። አንድ ሰው ከጀርባዬ ማንኪያውን አስቀምጦ የሚያዳምጠው ድምፅ ነው ብሎ ማን ይገምታል?

ትንፋሻቸው እያጠረ ሄደ። "ውባለም" አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ ደነገጥኩ፤ ስሜንም እናቴ በስልኩ ስትጠራኝ ነው የሰሙት። "ካልወጣሁ ልጄ ሮኒት አለች። ንገሪያት።"

"እርስዎ ራስዎ ይነግሯታል።"

"እንግዲያስ ተነሺ። ወዲያ ጥግ፣ ከክሩ ጀርባ፣ ሌላ መውጫ አለ። ጠባብ ጉድጓድ ነው፤ የብረት መወጣጫ አለው። ስንሠራው በጓሮ በኩል ሜዳ ላይ ነበር የሚወጣው። ኋላ መጋዘኑን ስለቀጠሉበት አሁን ክዳኑ ላይ ምን እንደተቆለለ አላውቅም። ለዚያ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት፤ በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጥሽ።"

ጭንቅላታቸውን ሹራቤ ላይ አጋድሜ ተነሣሁ። የክሩን ጥቅልልና ወንበሩን እየጎተትኩ ጣልኩ። ከኋላው እውነትም አንዲት ትንሽ የብረት መዝጊያ አለች፤ በእግሬ ስረግጣት ተከፈተች። ጉድጓዱ ትከሻዬን እያሻሸ ነው ያስገባኝ። የተሰበረውን እጀታ በጥርሴ ነክሼ ወጣሁ። ከላይ ክዳኑን በራሴ፣ በትከሻዬ ገፋሁት። ተራራ የተጫነው ይመስል አይንቀሳቀስም። በብረቱ መደብደብ ጀመርኩ። ክንዴ ሲዝል ወደ ሌላው እጄ አዛውራለሁ። የሸረሪት ድርና ዝገት ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

ከታች "አለሽ?" ይላሉ በደካማ ድምፅ።

"አለሁ! እርስዎስ?"

"አለሁ።"

እንዲህ እየተባባልን ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድ ጊዜ "አለሽ?" የሚለው ድምፅ ቀረ። ጠራኋቸው፤ መልስ የለም። ወርጄ ልያቸው ወይስ ልደብድብ? ያን ያህል ከባድ ነገር መርጬ አላውቅም። ሰውነቴ ሁሉ ውረጂና ተቀመጪ፣ በቃሽ ይለኛል። አልወረድኩም። "አባ ተስፋይ!" እያልኩ በአማርኛም በትግርኛም እየጮህኩ ብረቱን ደበደብኩ።

ከላይ የሞተር ድምፅ መጣ። ከዚያ ሰው በዕብራይስጥ፣ በሩሲያ ቅላፄ "ማነው እዚያ?" አለ። ማሽኖቹን ሊጭን በፎርክሊፍት፣ ዕቃ በሹካ በሚያነሣው መኪና፣ የሚሠራው ሳሻ ነበር። ሮኬቱ ሲወድቅ ከጓሮው መጋዘን ሸሽቶ ሄዶ፣ ሰንበት ሳይገባ ልጨርስ ብሎ መመለሱ ነው። ክዳኑ ላይ የተቆለለውን የጨርቅ ጥቅልል በሹካው አነሣው። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።

"ሽማግሌው ታች ነው! ክኒኑ ኮቱ ውስጥ!" አልኩት። ለምን እንዲህ አቧራ ለበስሽ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ሮጠ። ያመጣልኝን ክኒን ይዤ ተመልሼ ወረድኩ። አፋቸውን ከፍቼ ከምላሳቸው ሥር አስቀመጥኩላቸው። እጃቸው በረዶ ሆኗል። ሳሻ አምቡላንስ ጠራ፤ በሩን በብረት መፈልቀቂያ ከውጭ ከፈቱት።

አምቡላንሱ ውስጥ ገባሁ። ልጆቼን ደውዬ አረጋጋሁ፤ ትልቋ ልጄ አያቷን እንደምትጠብቅ ነገረችኝ። ረሆቮት ከተማ ያለው ሆስፒታል ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሰንበት እዚያው ገባብኝ።

ልጃቸው ሮኒት ተደውሎላት ወዲያው ደረሰች፤ መልከ መልካም፣ ጭንቀት ያጣደፋት ሴት ናት። አቅፋ አመሰገነችኝ። "አባቴ በፋብሪካ ሰው የለኝም ይል ነበር" አለችኝ። እኔ ምንም አልነገርኳትም። የእሳቸው ነገር ነው፤ ከሞት ተርፈው ሳለ ከአፋቸው ልነጥቃቸው አልፈለግሁም።

ጠዋት ነቁ። ሮኒት በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተቀምጠናል። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ማምለጥ ይችሉ ነበር። እኔ ዝም እንደምል ፊቴ ላይ አንብበዋል። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"ውሃ ስጭኝ ልጄ፤ ጠማኝ" አሉኝ።

ብርጭቆውን አንሥቼ ሰጠኋቸው። ሮኒት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች።

"አባ" አለች፣ "ይኼ ምን ቋንቋ ነው?"

"የእናቴ ጎረቤቶች ቋንቋ" አሏት በዕብራይስጥ። "የእናቴን ደግሞ ቆይቼ አሰማሻለሁ። ተቀመጪ።"

እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ። ከውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነበር። ኋላ ሮኒት ስትወጣ አለቀሰችብኝ። ተቆጥታ ነበር፤ "እናቴ ሳታውቅ ሞተች" አለችኝ። ያ ቁጣ ቶሎ አልበረደም። ለወራት አባቷን ያላናገረችበት ጊዜ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ጠዋት ተስተካከለ ብላችሁ እንድታስቡ አልፈልግም።

አባ ተስፋይ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖሩ። እናቴን ሊጠይቁ ሮቫ ዩድ ቤት ይመጡ ነበር፤ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጡና ሁለቱ በትግርኛ ሲሳሳቁ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። እኔንም እየመሩ አድ ሃሎምን አዙረውኛል። ፋብሪካው ሲከፈት የሠራተኞቹ ጎጆዎች የነበሩበትን፣ በአንድ ወቅት አድማ ሲመቱ የተቀመጡበትን ደረጃ፣ ቦዩ የተደፈነበትን አሳይተውኛል። ፋብሪካችን ዛሬ የዕቃ መሸጫ አዳራሽ ሆኗል። የሚገባው ሰው ከእግሩ በታች ምን እንዳለ አያውቅም።

እናንተ የምታነቡ፣ ይህን ነገር ለምን እንዳወራሁላችሁ ልንገራችሁ። ሕይወቴ አልቀለለም። ዛሬም ደረጃ እወለውላለሁ፣ ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ አንቀላፋለሁ። የተለወጠው ይህ ነው፦ እኛ እዚህ አገር ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የመጣን፣ ሌላው በሠራው ቤት ውስጥ በእንግድነት የምንኖር ይመስለኝ ነበር። አሁን በአድ ሃሎም ሳልፍ አንገቴን አልደፋም። ከጎኔ የሚቀመጠውንም ሰው፣ ማራካሽም ይሁን ሩሲያዊ፣ ከየት እንደመጣ እጠይቀዋለሁ። ድካም የሰውን ጆሮ ይደፍናል፤ የእኔን ደፍኖት ነበር። እናንተም ከደከማችሁ፣ ቢያንስ አንዱን ሰው ጠይቁት።

አባ ተስፋይ ባረፉ በወሩ ገደማ ሮኒት ደወለችልኝ። ከመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ቆማ ነበር።

"የተወለደበትን መንደር ስም በዕብራይስጥ እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለችኝ። "ሰውዬው ጽፎት አያውቅም፤ እኔም አላውቅም።"

እኔም አላውቅም ነበር። ማንም ጽፎት አያውቅም። ስልኩን አባ ተስፋይ አልጋዋ አጠገብ መንደራቸውን ሲያወሩላት ለኖሩት ለእናቴ አስጠጋሁላት፤ እሷ ደግሞ ደጋግማ፣ ቀስ እያለች፣ ስሙን ለጠራቢው ጠራችለት።